ማረችኝ ብዬ ከሰስኳት

ሰው ሚስቱን ፈትቶ የልጅ ቀለብ ሲቆረጥበት ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መጀመሪያ "በዛብኝ" ይላል። ቀጥሎ "ሥራ የለኝም" ይላል። ከዚያ የስልክ ቁጥሩን ይቀይራል። በመጨረሻ ጅማ አካባቢ ታየ የሚል ወሬ ይመጣል። ይሄ የታወቀ ነው፣ ማንም አይገረምበትም። እኔ ግን "ከእንግዲህ ቀለብ አትክፈል" ስባል "እንዴት ተደርጎ!" ብዬ ፍርድ ቤት ሄድኩ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሳልፍ እስካሁን ሰው የሚጠቋቆምብኝ ለዚህ ነው። ግማሹ ያዝንልኛል። ግማሹ "ዓሣ ሲበዛ ጭንቅላት ይነካል" ይላል። ዓሣ አእምሮ ያበራል የሚሉ ሐኪሞች መጥተው እኔን ቢያዩ ሐሳባቸውን በቀየሩ ነበር።

ዓሣ አጥማጅ ነኝ። መረብ፣ ታንኳ፣ ከሐይቁ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ ሀብቴ ይኸው ነው። ከሰአዳ ጋር የተፋታነው አገሩ ሁሉ ስለ መደመር በሚያወራበት በዚያ የለውጥ ሰሞን ነበር። ሬዲዮው ተደመሩ ይላል፣ ቴሌቪዥኑ ተደመሩ ይላል፤ እኛ ቤት ግን ማካፈል ተጀምሯል። ድስቱ ለእሷ፣ መረቡ ለእኔ። የጠባችን ምክንያት ዐረብ አገር ነው። ሰአዳ "ሄጄ ሠርቼ ቤት እንሥራ" ትላለች። እኔ "ሐይቁ ደጃችን እያለ ምን ጎደለን?" እላለሁ። የጎደለውን ዘርዝራ ልትነግረኝ ብትጀምር ቀኑ መሸ፣ እሷም አልጨረሰች።

ያስታረቁን፣ ማለቴ ያፋቱን፣ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ሸህ ይማም፣ ሁለተኛው የልብ ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሴ። ሸሁ ዱዓ ሲያደርጉ ጋሽ ደምሴ "አሜን" ይላሉ፤ ጋሽ ደምሴ ሲመርቁ ሸሁ "አሚን" ይላሉ። የሁለቱ ልመና ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ተጋጭቶ አያውቅም። በዚያን ጊዜም ተማከሩና እንዲህ ብለው ወሰኑ፦ ልጃችን ነጃት ከእናቷ ጋር ትሁን። አባት በመኸር ጤፍ፣ ለዒድ ልብስ፣ በየሳምንቱ ሐሙስ ደግሞ ዓሣ ይስጥ። ዓሣውን ሰው ሳይልክ በገዛ እጁ ያምጣ። ከዚያ ዱዓ ተደረገ፣ ተመረቅን፣ ተለያየን። በምርቃት የተለያየ ባልና ሚስት ወሎ ካልሆነ የት አለ?

ያቺ "በገዛ እጁ" የምትለዋ ነገር አበሳዬን አሳየችኝ። አንድ ሐሙስ ወባ ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ በባጃጅ ሄጄ፣ ዓሣው ከእኔ ይልቅ ሕያው መስሎ ደረስን። ሰአዳ እንደተፋታን ወዲያው ሪያድ ሄዳ ነበር። ነጃት ከአያቷ ከእማ ዘሐራ ጋር ቀረች። እኔም ሐሙስ ሐሙስ ቆሮሶ ዓሣዬን በገመድ ሰክቼ ከተፍ እላለሁ። እማ ዘሐራ "ማሻአላህ! እንዴት ያለ ዓሣ ነው!" ብለው ተቀብለውኝ ወደ ጓዳ ይገባሉ። ነጃት አጠገቤ ትቀመጥና ከጢሜ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት እየለቀመች የሳምንቱን ወሬ ትነግረኛለች። ማን ከማን ተጣላ፣ አስተማሪዋ ማንን ቀጣ፣ የትኛው ጥርሷ ይነቃነቃል። ከዐሱር ሶላት በኋላ የጀመርነው ወሬ ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ገና መሀሉ ላይ ነው። እኔ እንግዲህ የልጅ ቀለብ መክፈል ማለት ይሄ ነው ብዬ፣ ወንዶቹ ለምን እንደሚሸሹት ግራ ይገባኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የቻለ ሁሉ ልጁንና ፍራሹን ተሸክሞ አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ጎረፈ፤ ደሴ ሲደርስ የደሴ ሰው ወደ ኮምቦልቻ እየወጣ ነበር። የእማ ዘሐራ ጉልበት መንገድ ስለማይችል ነጃትን ይዘው እኔ ዘንድ ሐይቁ ዳር መጡ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ወፍጮ የለም። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲመጣ እማ ዘሐራ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" እያሉ ነጃትን በነጠላቸው ይሸፍኗታል፤ ነጠላ ጥይት የሚመልስ ይመስል። የምንበላው ዓሣ ብቻ ነበር። ጠዋት ዓሣ፣ ማታ ዓሣ። ነጃት ቁጭ ብላ ትበላለች። እኔ አጥንቱን እለቅምላታለሁ። ሰፈራችን ውስጥ ልጁን የቀበረ አለ፣ ቤቱ የተዘረፈበት አለ። እኔም እንደ ሰዉ "ያ ረብ ዛሬ ይብቃን" እያልኩ እለምናለሁ። ጠዋት ስነቃ ግን የነጃት እግር ሆዴ ላይ ተጭኖ አገኘዋለሁ፣ ደስም ይለኛል። በዚያ ሁሉ መከራ መሀል ደስ ይለኛል! ይሄ ምን ዓይነት ልብ ነው? እስካሁን ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ሲወጣና ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ የጮኸው ስልክ የሰአዳ ነው። አለቀሰች፣ አለቀስን። እማ ዘሐራና ነጃት ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ሐሙሴም ተመለሰ። ጥቂት ወራት እንደቆየ ሰአዳ ደግማ ደወለች።

"አዲስ አበባ ቤት ተከራይቻለሁ" አለችኝ። "ትምህርት ሳይከፈት እማዬና ነጃት ይሄዳሉ። አንተም ተዛሬ ጀምሮ ነፃ ነህ፤ ቀለቡን ትቼልሃለሁ። በክፉ ቀን ልጄን አትርፈህልኛል። ውለታህን በዚህ ልክፈልህ።"

ሰው ሲምራችሁ ምን ትላላችሁ? "አላህ ይስጥልኝ" ነው የሚባለው። እኔም አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው ምን እንደተባልኩ የገባኝ። ወይም አልገባኝም፤ መረቤን ይዤ ወጥቼ መቋጠሪያውን እየፈታሁ መልሼ ስቋጥር ዋልኩ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ጓደኞቼ ዘንድ ደርሷል። "እንኳን ደስ ያለህ!" ይሉኛል፤ ጀርባዬን ይመቱኛል። አንዱ "እኔ ብሆን እንዲህ ያለችውን ሴት መልሼ አገባት ነበር" ይላል። ሌላው ጫት ካልገዛህ ብሎ ያዘኝ። ገዛሁ። ለገዛ ሐዘኔ ጋባዥ ሆኜ ዋልኩ፤ ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ።

"ታዲያ 'ልጄን አትውሰጂብኝ' ለምን አላልካትም?" ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ ግን ስለ ዓሣ ሲሆን አንደበቴ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ስለ ሆዴ ሲሆን ይታሰራል። አምባሰልን በመሰንቆ ቢጫወቱልኝ እንባዬ ይወርዳል፣ ያለ መሰንቆ "ናፈቀችኝ" በል ብትሉኝ ግን ያስለኛል። ስለዚህ ነገሩን በዙሪያው ዞርኩት። ቀለብ ካለ ሐሙስ አለ። ሐሙስ እንዲኖር ደግሞ ልጅቱ ሐይቅ መሆን አለባት፤ ዓሣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ይሸታላ! እንግዲያው ቀለቡ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ለእኔ ይሄ ድንጋይ የማይሰብረው ክርክር ነበር።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ለየኝ።

"ቀለብ ነው?"

"አዎ።"

"ይቀነስልኝ ነው ወይስ ይሰረዝልኝ?"

"አይሰረዝብኝ ነው።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ሌላ ሰው ነው ሊያሰርዝብህ የፈለገ?"

"የልጄ እናት ናት።"

"እሷ እኮ ተቀባይ ናት!"

"አልቀበልም አለችኛ!"

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ አይኑን አሸ። ዕድሜ ልኩን "የቤተሰብ ችግር ስላለብኝ፣ ገቢዬም ስለቀነሰ" እያለ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። እጁ ወደዚያው ይሄድበታል። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ "ይቀነስልኝ" ብሎ ጽፎ ቀደደው። በመጨረሻ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋና "ወንድሜ፣ ገብተህ በቃልህ ተናገር። እኔ እንዲህ ያለውን ብጽፍ ሰው ጠጥቷል ይለኛል" አለኝ።

ገባሁ። ሬጅስትራሯ ቀጭን ልጅ ናት፣ ትሕትና ያላት። "ከሳሽ ማን ነው?" አለችኝ።

"እኔ።"

"ተከሳሽስ?"

"የቀድሞ ባለቤቴ።"

"ምን በደለችህ?"

"ማረችኝ።"

ልጅቷ ጻፈች፤ ከዚያ የጻፈችውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ከጎኗ ያለውን ባልደረባዋን ጠራችው፣ እሱም ሌላውን ጠራ። እኔ ከመሀል ቆሜ ሰው ሁሉ "አንተ የተቸገርክበት ነገር ምንድን ነው?" ይለኛል፣ "ምንም አልተቸገርኩም፣ ችግሩ እሱ ነው" እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ "ዝም በሉት፣ ጦርነቱ ያላናወጠው የለም" ብለው ውኃ አስመጡልኝ። ጠጣሁ። ምን ላድርግ? ኋላ ልጅቷ ነገሩ በሽማግሌ የተያዘ መሆኑን ስትሰማ እፎይ አለች። "መጀመሪያ ያሰሩትን ሽማግሌዎች አነጋግር፤ እነሱ ካልቻሉ ትመለሳለህ" ብላ ሸኘችኝ። እባክህ አትመለስ ማለቷ እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል።

ሸህ ይማም ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው።

"አብሽር የኔ ልጅ" አሉኝ። "ግን እኔ ብቻዬን እንዴት እነካዋለሁ? ተደምሴ ጋራ ሆነን በዱዓ ያሰርነው ነገር ነው። አሜን ያለው ሰው ሳይኖር ልፍታው ብል የሚከብደኝ እኔን ነው።"

ችግሩ ጋሽ ደምሴ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መግባታቸው ነው። ገዳሙ ደግሞ ሴት አያስገባም። ስለዚህ እንዲህ ሆነን ተነሳን፦ ሸህ ይማም በዱላቸው፣ እማ ዘሐራ በጉልበታቸው፣ ነጃት እየዘለለች፣ እኔ ስልኬን ይዤ። ሰአዳም "እኔ ሳልሰማ ምንም እንዳይወሰን" ብላ በስልኩ ልትገባ ቀጠሮ ይዛለች። በእግር ደረስን። እማ ዘሐራና ነጃት ራቅ ብለው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔና ሸሁ ወደ በሩ ተጠግተን ለበረኛው መነኩሴ ጉዳያችንን ስናስረዳ ስልኬ ጮኸ። የስልኬ ጆሮ ማዳመጫ ከተበላሸ ቆይቷል፣ የሚሠራው ድምፅ ማጉያው ብቻ ነው።

"ሃሎ! ገባችሁ እንዴ?" አለች ሰአዳ፣ ገዳሙ እስኪያስተጋባ።

በረኛው ዘለሉ። "ይህቺ በየት ገባች?"

"አልገባችም አባቴ፣ ሪያድ ናት።"

"ድምጿ ገብቷል እኮ!"

"ድምፅ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?" ብዬ ወደ ሸሁ ዞርኩ።

ሸህ ይማም ጢማቸውን ዳበሱ። "ልጄ፣ እሱ በኛም ዘንድ ብዙ ያከራከረ ነው፤ ዛሬ አንጨርሰውም። ደምሴን ይጥሩልንና እኛ ወደዚያ እንራቅ" አሉ።

ጋሽ ደምሴ በቢጫ ልብሳቸው ብቅ አሉ። "ደምሴ!" አሉ ሸሁ። "አሁን ስሜ ተቀይሯል" አሉ ጋሽ ደምሴ። "ለኔ አልተቀየረም" አሉና ሸሁ አቀፏቸው፤ ተቃቅፈው ቆዩ። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መገናኘታቸው ነበር።

ዛፉ ሥር ተሰበሰብን። ስልኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ደምሴ እኔን ሊሰሙ ነው ስል ወደ ነጃት ዞሩ።

"የአባትሽ ዓሣ ይጣፍጥሻል?"

ነጃት አያቷን አየች። አያቷ ሐይቁን አዩ።

"አልበላውም" አለች ነጃት።

"እንዴት አትበይውም?" አልኩ እኔ።

"ይሸተኛል። ጎረቤታችን እማማ አስካለ ለጾም እየወሰደች እንቁላል ትሰጠናለች። እኔ የምበላው እንቁላሉን ነው።"

እማ ዘሐራ "ምን ላድርግህ፣ ደስ ብሎህ ነበር የምታመጣው" አሉኝ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው። እኔ በወባ በባጃጅ የተጓዝኩት ለእማማ አስካለ ጾም ኖሯል!

"በጦርነቱ ጊዜስ?" አልኳት። "በየቀኑ ትበዪ አልነበር?"

"ያኔማ ሌላ አልነበረም" አለች። ትንሽ አሰበችና ጨመረች፦ "አንተ ደግሞ ስበላ ታየኝና ደስ ይልህ ነበር።"

እኔም ሐይቁን አየሁ። ስልኩ ግን ሐይቅ አይታየውም። "ልጅቱ ተማትበላው ታዲያ ምኑ ያከራክራል?" አለች ሰአዳ። "ይቅርና ይረፍ!"

"በገዛ እጁ ያምጣ ያልነው ለምን መሰለህ?" አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

"መንገድ ላይ እንዳይሰረቅ ነዋ" አልኩ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ሸህ ይማም ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ጋሽ ደምሴ ሊቆጣጠሩ ሞክረው አቃታቸው። ሲበቃቸው ሸሁ አይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"በል፣ የምትፈልገውን በአፍህ ተናገር። አንዴ ብቻ።"

"ዓሣው..."

"ዓሣውን ተወው!"

"ልጄን ነው" አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። "ልጄን አትውሰዱብኝ። ሐሙስ ከሌለ እኔ ምንም የለኝም።"

ስልኩ ዝም አለ። ኔትወርክ ሄደ ብዬ "ሃሎ? ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ" አለች ሰአዳ። ድምጿ ቀጥኗል። "አንተስ ባለ ሐሙስ ነህ። እኔስ? ጥርሷን ስትነቅል አላየሁ፣ ትምህርት ቤት ስትገባ አላየሁ። አዲስ አበባ ለምን ቤት የተከራየሁ መሰለህ? አውሮፕላን ማረፊያው እዚያ ስለሆነ ነው። ማዳሜ ፈቃድ የሰጠችኝ ቀን መንገድ ላይ አንድ ሰዓት እንዳይባክንብኝ ብዬ ነው። እኔስ ገንዘብ ልላክ ልላክ የምለው ሌላ ምን አውቅበታለሁ? ተመላክ በቀር ለልጄ የምሆንላት ነገር የለኝም!"

እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዚህ ዓለም ላይ "ቀለብ ልክፈል" ብሎ የሚለማመጥ ሰው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ለካ ሰአዳ ከእኔ በፊት ተሰልፋለች፣ ያውም ሐሙስ ሳይኖራት። ማን ማንን እንደበደለ፣ ማን ማንን እንደማረ ጭልጥ ብሎ ጠፋኝ። ክሴን ማንሳት ፈለግኩ፤ ክሱ ግን ገና አልተከፈተም ነበር።

"ኮምቦልቻም እኮ አውሮፕላን ያርፋል" አሉ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው።

ሰአዳ አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማ። "ያርፋል እንዴ አሁን?"

"ያርፋል።"

"እንዲያ ከሆነ ልጅቱ እዚሁ ትቅር" አሉ ሸህ ይማም። "ቀለቡ አልተነሳም፣ ተቀይሯል። ጤፉና ልብሱ እንዳለ ነው። ዓሣው ቀርቶ፣ ነጃት ሐሙስ ሐሙስ ተአባቷ ቤት ትብላ። ሰአዳም በስልክ ማዕዱ ላይ ትቀመጥ። ማንም ጥሎ አይነሳ።" እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓ አደረጉ። ጋሽ ደምሴ "አሜን" አሉ። ስልኩም "አሚን" አለ። ይሄኔ በረኛው ከሩቅ አንገታቸውን አሰገጉ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበር፤ አዲሱ ፍርድ እኔን ለጉድ የዳረገኝ ያን ቀን ነው። ከዓሣ ሌላ መሥራት አልችልም! ምስር ሠራሁ፤ ከላይ አረረ፣ ከታች ጥሬ ቀረ። ይሄ እንዴት እንደሚሆን የምታውቅ ሴት ካለች ታስረዳኝ። እማ ዘሐራ ቀምሰው "አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ከዚያ በላይ ማለት አልቻሉም። ስልኩን ቪዲዮውን ከፍተን በርበሬ ዕቃው ላይ አስደግፈን አስቀመጥነው። ሰአዳ በሥራ ልብሷ ሆና አንድ ጥግ ተቀምጣለች። ማዳሟ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

"እኔን ተዉኝ" አለች። "ዝም ብላችሁ ብሉ፣ ልያችሁ።"

እንዴት ዝም ብሎ ይበላል? ሰው እያየህ፣ ያውም እሷ፣ ያውም የእኔን ምስር! እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ። እማ ዘሐራም አቀረቀሩ። ነጃት ብቻ አንድ ጉርሻ ጠቅለል አድርጋ ወደ ስልኩ ዘረጋች።

"ስልኩን በዘይት ታበላሺዋለሽ!" ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ሰአዳ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ሰው አልነበረም። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ነጃት ጉርሻውን እዚያው አቆይታ፣ መልሳ ራሷ ጎረሰችው።

"አላምጪው እንጂ እማዬ" አለቻት አፏ እንደሞላ።

ሰአዳ አላመጠች።